እግርህን አትሰብስብ

ቢቸና፣ ጥር ማለቂያ፣ ፲፱፻፷፭ ዓ.ም.

ውድ ይማም፣

ሰላምታዬን ወደ መጨረሻው አቆይቼዋለሁ። አስቀድመህ ይህን ስማ፤ ቡድናችሁ ለውድድር ወደ ቢቸና ሲመጣ አንተን ሞጣ ትተውህ እንዳይመጡ። ለምን እንደሆነ እስክጨርስ ታገሠኝ፤ የምጽፈው ቀስ ብዬ ነው። ፊደል የቆጠርሁት አባቴ ዘንድ ነው። መጻፉን ግን የተማርሁት ካደግሁ፣ ከወለድሁ በኋላ በማታ ትምህርት ነው፤ እዚያም ገፍቶ የላከኝ ልጄ ነው።

እኔ ይርጋነሽ ነኝ፤ የሣህለ ማርያም እናት። ባለፈው ኅዳር ቡድናችሁ እዚህ ለወዳጅነት ሲጫወት በረኛ ሆኖ የቆመው፣ ከአንተ ጋር ተጋጭቶ የወደቀው ልጅ እናት። “ውድ” የሚለውን ቃል ስጽፍ እጄ እንቢ ብሎኝ ነበር። ደብዳቤ በእርሱ ይጀመራል ተብዬ ስለተማርሁ ጻፍሁት። ውድ የምለው ልጅ አንድ ነበረኝ፤ እርሱም ጊዮርጊስ ደጅ ተኝቷል። እንዳልዋሽህ ብዬ ነው ይህን መጻፌ።

አንተ ታውቀኛለህ፤ ያላወቅሁህ እኔ ነኝ። በቃሬዛ ተሸክመው ጤና ጣቢያ ሲያስገቡት ከተሸካሚዎቹ አንዱ አንተ ነበርህ። ሮጬ ስደርስ ማሊያህን አውልቀህ ከራሱ ሥር አድርገህለት፣ በባዶ ደረትህ በሩ ላይ ቆመሃል። ጫማህን በእጅህ ይዘሃል።

“አንተ የማን ልጅ ነህ?” አልሁህ።

“የሞጣ ነኝ፣ እማማ።”

“እንግዲያው ዝም ብለህ ከምትቆም ውሃ አምጣልኝ።”

ሄድህ፤ ውሃ በጣሳ ሞልተህ አመጣህ። ግማሹን በቀሚሴ ላይ አፈሰስኸው። ይህ ምን ዓይነት ደንጋጣ ልጅ ነው ብዬ ተቆጣሁህ። ከዚያ የእናንተ ሰዎች መጥተው በክንድህ ይዘው ወደ መኪናችሁ ወሰዱህ። ማን እንደሆንህ የነገሩኝ መኪናው ከሄደ በኋላ ነው። ጣሳው አሁንም ቤቴ አለ። ልጥለው ብዬ ሁለቴ አንስቼዋለሁ፤ መልሼ አስቀምጬዋለሁ።

ሣህሌ በማግስቱ ጠዋት ራሱን ያወቀ መስሎን ነበር። ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወስደው መኪና እየተፈለገ ሳለ እጄን ያዘና ስለ ጨዋታው አወራኝ። ያን ቀን ስለ ሌላ ነገር ቢያወራኝ እወድ ነበር። እርሱ ግን ኳስ ነው ያወራው።

“እማ፣ ኳሷን እኔም አየኋት፣ እሱም አያት። እኔ ወደቅሁባት። እሱ ሊመታ እግሩን አንሥቶ ነበር፤ እኔን ሲያይ ሰበሰበው። ሲሰበስበው ነው ጉልበቱ ሆዴን ያገኘኝ። ባይሰበስበው ኳሷን መትቶ በላዬ ያልፍ ነበር። ለእኔ ብሎ ነው።”

“ተው አሁን፣ ዝም በል” አልሁት።

“ለጋሼ ንገሪው። ይቆጣል።”

ጋሼ የሚለው አጎቱን ፋንታን ነው፤ የባሌን ታናሽ ወንድም። መኪናው ሳይደርስ ልጄ አረፈ። ቃሉን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ለፋንታ ነገርሁት። አላመነኝም። “የእናት ሆድ ነው የሚያናግርሽ” አለኝ። ፋንታ ክፉ ሰው እንዳይመስልህ። ባሌ ሲሞትብኝ ሣህሌ ገና ሕፃን ነበር፤ በትከሻው ተሸክሞ ያሳደገው፣ ትምህርት ቤት ያስገባው፣ የመጀመሪያዋን ኳስ ከገበያ ገዝቶ ያመጣለት ፋንታ ነው። የራሱ ልጅ የለውም። አባትህ ሽማግሌ ሲልክ ከከተማው መግቢያ የመለሳቸው እርሱ እንደሆነ ሰምተህ ይሆናል። “የወንድሜን ልጅ ደም በጨዋታ አላስረሳም” ብሎ ነው የመለሳቸው። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ጠጉሩን አልተላጨም። አንተ የዚህ አገር ልጅ ነህ፤ ደም ያለበት ሰው ደሙን እስኪመልስ ጠጉሩን ለምን እንደሚያሳድግ እኔ አልነግርህም።

አሁን ወደ ኳሱ ልመለስ።

የእኛ ቡድን አምና በሣህሌ እጅ ከወረዳ ጨዋታ አልፎ ወደ ጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ምድብ እንደወጣ ታውቃለህ። ሁለተኛ ምድብ ማለት ታችኛው ነው፤ ለእኛ ልጆች ግን ሰማይ ነው። ከማን ጋር እንደተመደቡ የተነገራቸው ታኅሣሥ ላይ፣ የልጄ ተዝካር ካለፈ በኋላ ነው። ደጀን፣ ደብረ ወርቅ፣ ሞጣ። የሚሰበሰቡት እኔ ቤት ነው። ባሌ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሲሞት በስፌት መኪናው እኔ ተቀመጥሁ፤ የቡድኑን ማሊያ የምሰፋው እኔ ነኝ። ሣህሌ ከሞተ በኋላ ሌላ ቤት እንፈልግ ብለው ነበር፤ ኑ አልኋቸው። ዝምታው ከነሱ ጫጫታ ይከብዳል።

እነርሱ አግዳሚው ላይ፣ እኔ መኪናዬ ላይ ነበርን። ፋንታ እንደ ልማዱ በሩ አጠገብ ተቀምጧል።

“ደጀኖችን አይቻቸዋለሁ” አለ ወልደ ሰንበት፤ አምበላቸው ነው፣ የሣህሌ ጓደኛ። “ሁለቱ ተከላካዮች ወንድማማቾች ናቸው። ታናሹ ከወደቀ ታላቁ ኳሱን ትቶ እሱን ሊያነሣ ይሄዳል።”

“እንግዲያው ታናሹን ነዋ የምንጥለው” አለ አንዱ።

“ጣለው። እናታቸው ሜዳው ዳር በትር ይዛ ነው የምትቀመጠው። አንተን የሚያነሣህ ነው የሚጠፋው።”

“የደብረ ወርቅ በረኛስ?”

“እሱ ዲያቆን ነው። ኳስ ሲመጣበት አስቀድሞ ያማትባል።”

“እሱ አማትቦ እስኪጨርስ እኛ አግብተን ተመልሰናል።”

ሳቁ። ከዚያ እኔ መኖሬ ትዝ አላቸውና አንገታቸውን ደፉ። እግሬን ከመርገጫው ላይ አላነሣሁም፤ መኪናዬ ሲያጉረመርም እንዳልሰማሁ ይመስላቸዋል ብዬ ነው። ቆየት ብለው እንደገና ሳቁ።

“ሞጣን ማን አይቷቸዋል?” አለ መምህር ገብረ ክርስቶስ።

 መምህሩ ቡድኑን የሚያሠለጥነው ሰው ነው፤ ከሐረር በኩል ተመድቦ ዘንድሮ የመጣ፣ ደግ፣ ችኩል። ሣህሌ በግጭት መሞቱን ያውቃል። የአገሩን የደም ነገር ግን አያውቅም። እርሱ ራሱ እንደ ዛሬ ወጣቶች ጠጉሩን አጎፍሯልና የፋንታን ጠጉር አይቶ ምንም አልመሰለውም።

“አቶ ፋንታ ለከብት ገበያ ሞጣ ይመላለሱ የለም እንዴ?” አለ ዞር ብሎ። “የበሬ አካሄድ የሚለይ ሰው የተጫዋች አካሄድ አይጠፋውም። ልምምዳቸውን አይተው ቢነግሩን።”

ወልደ ሰንበት ቀና ብሎ እኔን አየ።

“ፋንታ ኳስ አይገባውም፤ ሌላ ሰው ይሂድ” አልሁ።

“እሄዳለሁ” አለ ፋንታ። “አጥንቼ እመጣለሁ።”

መምህሩ ተነሥቶ እጁን ጨበጠው። ሌሎቹ ወለሉን አዩ። ከዚያ በላይ በሰው ፊት ምን እላለሁ? ደመኛ ነው ልል ነው?

በሚቀጥለው ሳምንት ሲመለስ እንደገና ተሰበሰቡ። መምህሩ እርሳሱን ቀርጾ ይጠብቅ ነበር።

“እሺ አቶ ፋንታ፣ በረኛቸው ቁመቱ እንዴት ነው?”

“ቁመቱን ልብ አላልሁም።”

“ተከላካዮቹስ፣ ይፈጥናሉ?”

“ይሮጣሉ። ብዙ ናቸው።”

ልጆቹ ፈገግ አሉ። “ጋሼ ፋንታ በሬ አስመስሎ ቆጥሯቸው ነው የመጣው” አለ አንዱ። ፋንታም ፈገግ አለ። ደስ አለኝ። ምንም ሳያይ ለመሄድ ያህል ሄዶ የተመለሰ መሰለኝ።

“ዘጠኝ ቁጥሩስ?” አለ መምህሩ። “ያ ይማም የሚባለው?”

ፋንታ ቀና አለ። ዳዊት እንደሚደግም ሰው ሳያቋርጥ ተናገረ።

“ከልምምድ ከሌሎቹ ቀድሞ ይወጣል፤ የአባቱን ሱቅ የሚዘጋው እሱ ነው። ከዘጋ በኋላ በገበያው ጀርባ፣ በባሕር ዛፎቹ መካከል ነው የሚሄድ። ብቻውን ነው። ዱላ አይዝም። ሲሄድ መሬት መሬት ነው የሚያይ። ዓርብ ከአባቱ ጋር ከመስጊድ ይወጣል፤ ያን ቀን ሰው ይበዛበታል።”

“መልካም” አለ መምህሩ፣ አልገባውም። “በየትኛው እግሩ ነው የሚመታው?”

“እግሩን አላየሁም” አለ ፋንታ።

የስፌት መኪናዬ የቆመው ያን ጊዜ ነው። መምህሩ ገና አሁን እያንዳንዳቸውን ፊት ፊታቸውን አየ፤ ከዚያ የፋንታን ጠጉር አየ። እርሳሱን ኪሱ ከተተ። ወልደ ሰንበት ከአግዳሚው ሥር ኳሷን አንሥቶ ጉልበቱ ላይ አቀፋት። ፋንታ “ደኅና ዋሉ” ብሎ ወጣ።

በማግስቱ በረቱ ሄድሁ። ለጥጃ ገመድ ይገምዳል።

“ይማም መሬት መሬት እያየ ነው የሚሄድ አልኸኝ” አልሁት። “ለምን ይመስልሃል?”

“ምን አውቅለታለሁ።”

“ሣህሌ የነገረኝን ነግሬሃለሁ። እግሩን የሰበሰበው ለልጁ ብሎ ነው።”

“ይርጋነሽ፣ አንቺ አልቅሰሻል። ላንቺ ይበቃል። ከእኔ ግን የሚጠበቀው እንባ አይደለም። ገበያ ስሄድ ምን እንደሚሉኝ ታውቂያለሽ? ‘ፋንታ፣ ዛሬ በሬ ነው ላም የምትገዛ? ላም ግዛ፤ ላንተ የምትሆን እሷ ናት’ ይሉኛል። እኔ የማሳልፈውን አንቺ አታሳልፊውም።”

“አንተም ከተሰቀልህ እኔን ማን ይቀብረኛል?”

ገመዱን መግመድ አቆመ። 

ይህን የምጽፍልህ ስለምወድህ አይደለም፣ ይማም። ስለ እግሮችህ ሳስብ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ሌላው ሁሉ ቢቀር፣ ልጄ የሄደበት ቀን የአንተም ቀን ነው፤ ይህን ልለየው አልችልም። የምጽፍልህ አንድ ሰው ስለቀረኝ ነው፤ እርሱም በገበያው ጀርባ ሊቆም መንገዱን አጥንቷል። አንተ ብትሞት ፋንታም ይሞታል፤ ልጄም “ለጋሼ ንገሪው” ያለኝን ቃል ይዞ ሁለተኛ ይሞታል። 

ለፖሊስ ንገሪ ያለኝ አለ። ምን ብዬ? ሰው የሚሄድበትን መንገድ አየ ብዬ? መምህሩም እንቅልፍ አጥቶ መጣ። ጥፋቱ የእርሱ መስሎት ፊቱ ጠቁሯል።

“እትዬ ይርጋነሽ፣ ለሞጣዎች መልእክት እልክላቸዋለሁ። ይማም ይቅር። ያለ እሱ ይጫወቱ።”

“የት ነው የሚቀረው?” አልሁት።

“ሞጣ፤ ቤቱ።”

“ፋንታ መንገዱን ያጠናው የሞጣውን ነው፣ መምህር። የቢቸናውን አይደለም። የቀረ እንደሆነ ደግሞ ፈርቶ ቀረ ይባላል፤ የፈራ ሰው ጥፋት አለበት ይባላል። እናንተ እዚህ ኳስ ስትጫወቱ እርሱ እዚያ ብቻውን ሱቅ ይዘጋል።”

መምህሩ ተቀመጠ። “ታዲያ ምን እናድርግ?”

እኔ አስቤበት ነበር። ከዚህ በኋላ ያለውን ደኅና አድርገህ አንብብ።

የጡት ልጅ ማድረግ በእናንተም ዘንድ ያለ ነገር ነው፤ እናትህ ታውቀዋለች። ሽማግሌዎች ባሉበት እናት ጣቷን ማር ታስነካለች፤ ልጁ ይቀምሳል፤ ከዚያ ወዲያ ከማሕፀኗ እንደወጣ ይቆጠራል። የእኔ የጡት ልጅ ከሆንህ የሣህለ ማርያም ወንድም ነህ። ፋንታም አጎትህ ነው። የገዛ ወንድሙን ልጅ ደም የሚፈልግ ሰው በዚህ አገር ማዕድ የሚያቀርበው የለም።

የነፍስ አባቴን ጠየቅኋቸው። መቋሚያቸውን ተደገፉ።

“ልጁ እስላም ነው፣ ይርጋነሽ።”

“አባ፣ የጠየቅሁዎት ስለ ጡት ነው እንጂ ስለ ጥምቀት አይደለም።”

“ሆድሽ ይችለዋል?”

“አይችለውም። ያደርገዋል እንጂ።”

ሽማግሌዎቹን የሰበሰቡልኝ እርሳቸው ናቸው። በጨዋታው ቀን ጠዋት እኔ ቤት ይቀመጣሉ። ፋንታንም ከጎናቸው እንዲቀመጥ አዘውታል። እኔ ራሴም ነግሬዋለሁ።

“ከዚያ በኋላ ምኔ ሊሆን ነው?” አለኝ።

“የወንድምህ ልጅ።”

“የወንድሜ ልጅ ሞቷል።”

“ሁለተኛው።”

ወደ በረቱ ገብቶ በሩን ዘጋ። እሺ አላለም፤ እንቢም አላለም። ጠጉሩ እንዳለ ነው። ትናንት ግን ማለዳ መጥቶ ደጄ ላይ ቆመና “ልጁ በየትኛው እግሩ ነው የሚመታ?” ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልሁት። ራሱን ነቅንቆ ሄደ። ለምን እንደጠየቀኝ እስካሁን አልገባኝም። መልካም ሊሆን ይችላል፤ ክፉም ሊሆን ይችላል። ይመጣል ብዬ አልምልልህም፤ ቢመጣም እጁን ይሰበስባል ብዬ አልምልልህም። ዋስትና የለኝም። ያለኝ ገላዬ ነው። ከመኪናው እስከ ቤቴ ድረስ ከጎንህ የምሄደው እኔ ነኝ፤ እኔን ሳይጥል አንተን አያገኝም።

አመጣጥህ እንዲህ ይሁን። ከቡድንህ ጋር በጭነት መኪናው ና፤ በእግርህ እንዳትሞክረው። ጊዮርጊስን አልፎ የመጀመሪያው ቆርቆሮ ቤት የእኔ ነው፤ ሹፌሩ እዚያ ያቁምልህ። ወደ ሜዳ ሳትሄድ ወደ እኔ ግባ። ማሩን ከቤትህ ይዘህ ና፤ የሞጣ ማር ይሁን፣ እናትህ በእጇ ትስጥህ። ያለ እርሷ ፈቃድ ልጇን አልወስድም። እናትህን እመት ዑሙሰልማንን አላውቃትም፤ ግን ይህን ደብዳቤ ስታነብላት አጠገቧ ተቀመጥ። እንቢ ካለች አልቀየማትም፤ እኔም በቦታዋ ብሆን ልጄን ወደዚህ ከተማ በቀላሉ አልልክም ነበር። ብቻ ያን ጊዜ ባሕር ዛፎቹን ተዋቸው፤ ከሰው ጋር በዋናው መንገድ ሂድ። ደብዳቤውን የምታመጣልህ ጨርቅ ነጋዴዋ ኸይራት ናት፤ መልስህን ለእርሷ ንገራት፣ በቃል ይበቃኛል።

አሁን ስለ ጨዋታው አንድ ነገር ልንገርህና ልጨርስ። እኔ የቢቸና እናት ነኝ፤ ለባላጋራ መንገሬን ልጆቼ ቢሰሙ ይታዘቡኛል።

በሣህሌ ቦታ የሚቆመው አዲስ ልጅ ነው። ማሊያውን ትናንት በወገቡ በኩል አጠበብሁለት፤ ከልጄ ይቀጥናል። መውጣት ይወዳል፤ ኳስ ሲያይ እንደ እርሱ ዘሎ ይወድቅባታል። ኳሷ በመካከላችሁ ስትቀር ሜዳው ሁሉ ዝም ይላል፤ ሰው ያን ቀን የሚያየው ኳሷን ሳይሆን የአንተን እግር ነው። ሽማግሌዎቹም ያያሉ። ፋንታም ካለ ያያል። እኔ ከግቡ ጀርባ ተቀምጬ አያለሁ፤ ዓይኔን አልጨፍንም።

ያን ጊዜ እግርህን አትሰብስብ። ልጄ የነገረኝ ይህን ነው፤ የጎዳው መሰብሰብህ ነው። በመሐሉ አትራራ፤ ኳሷን ምታትና እለፍ። ብታገባብን አዝናለሁ፤ ማሊያቸውን የሰፋሁት እኔ ነኝና። ግን ምታት።

ያቆየሁት ሰላምታ ይኸው። እንዴት ሰንብተሃል? እንቅልፍ ይወስድሃል? እናትህን ሰላም በልልኝ።

ጣሳውን አጥቤ አስቀምጬልሃለሁ። ማሩን ከቀመስህ በኋላ ውሃ ስትፈልግ በእርሱ እሰጥሃለሁ።

ደጄ ላይ ቆሜ የምጠብቅህ
ይርጋነሽ